ፈዋሹ መድኃኒትና ዝምተኛው ጉበት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ መቀሌ የሚያመራው አውራ ጎዳና ቆቦን ካለፈ በኋላ፣ አላማጣ ከመድረሱ አስቀድሞ በዋጃ ከተማ ያልፋል። በምዕራብ በኩል ከፍተኛው ደጋ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል፤ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር ቆላ ይለዩታል። በመካከል የተዘረጋው የራያ ሜዳ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል፣ ዝናብ ሲያጥረው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ የሚጠጣ ምድር ነው። ቀድሞ የወሎ ጠቅላይ ግዛት የራያና ቆቦ አውራጃ ይባል በነበረው በዚህ አገር መሐንዲስ የሚታወቀው በመንገዱ፣ በድልድዩና በመስኖው ነው።

በዚሁ ጎዳና ዳር፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ የመንገድ ከተሞች ሁሉ፣ ሳል የጠናበት፣ ሆዱን የቆረጠው ወይም ቁስሉ የመረቀዘበት ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያመራው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ቴትራሳይክሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል የሚባሉት ስሞች ፊደል ባልቆጠረው ሰው አፍ ሳይቀር እንደ ጨውና ስኳር የተለመዱ ሆነዋል። እነዚህ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከሰማንያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ያተረፉት ሕይወት ተቆጥሮ አያልቅም። ይሁን እንጂ ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ አልፎ አልፎ ጉበትን እንደሚጎዱ፣ ጥቂት ሰዎችንም ለሞት እንዳበቁ የታወቀ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉዳት በምን መንገድ እንደታወቀ ታሪኩን መመልከት፣ ከዚያም ታሪኩ እንደ ዋጃ ላለ አገርና በዚያ ለሚሠራ ባለሙያ ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ከተባለበት በስተቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉበትና ትርፍ አቅሙ

የአዋቂ ሰው ጉበት ክብደቱ ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በየደቂቃው ወደ 1.5 ሊትር የሚጠጋ ደም ያልፍበታል፤ ከዚህም ደም ሦስት አራተኛ የሚሆነው የሚመጣው ከአንጀት፣ ከጨጓራና ከጣፊያ ነው። ስለዚህ ሰው የዋጠው እንክብል ተፈጭቶ ወደ ደም ሲገባ፣ ሌላውን አካል ከመዳረሱ በፊት በጉበት በኩል ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ጉበት ግን እንደ ውሃ ማጣሪያ አሸዋ የመጣውን ይዞ የሚያስቀር ብቻ አይደለም። የገባውን ባዕድ ነገር በኬሚካላዊ ለውጥ ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ በሽንት ወይም በሐሞት ሊወጣ የሚችልም ያደርገዋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በለውጡ መካከል የሚፈጠረው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከመጀመሪያው መድኃኒት የከፋ መርዝ ይሆናል።

ድልድይ ሲነደፍ በላዩ ያልፋል ተብሎ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ እንዲሸከም ተደርጎ እንደሚሠራ የሙያ ባልደረቦች ያውቃሉ። ጉበትም ከፍ ያለ ትርፍ አቅም አለው። በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥን ጉበት ሁለት ሦስተኛውን ቆርጠው ቢያወጡ፣ የቀረው ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አድጎ የቀድሞውን ክብደት መተካቱን አሳይተዋል። ይህ ትርፍ አቅም በረከት ቢሆንም ጉዳትን ይሸፍናል። ድልድይ ከመሰንጠቁ በፊት ድምፅ እንደማያሰማ ሁሉ፣ ጉበትም ከፍተኛው ክፍል እስኪጎዳ ድረስ ሕመም ላያሰማ ይችላል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ በመጨረሻም የዓይን ነጩ ቢጫ ይሆናል።

ሕዝቡ ይህን ቢጫነት «የወፍ በሽታ» ይለዋል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቫይረስ፣ ወባ፣ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት፣ የሐሞት መውረጃ መዘጋት፣ መርዛማ ዕፅ፣ እንዲሁም መድኃኒት ያመጡታል። ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሰው ያየ ሁሉ ምክንያቱን አየ ማለት አይደለም። መድኃኒት በጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ለረጅም ዘመን ሳይታወቅ የኖረው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሐኪም በዕለት ተዕለት ሥራው በዋናነት የሚመካው በዓይን በሚታየው ቢጫነትና በጥቂት የደም ምርመራዎች ነበር። በ1954 እና 1955 ካርመን፣ ሮብሌቭስኪና ላዱ የተባሉ ሐኪሞች ትራንስአሚኔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች በደም ውስጥ ሊለኩ እንደሚችሉ አሳዩ። እነዚህ ኢንዛይሞች በጤናማ የጉበት ሕዋስ ውስጥ ተዘግተው የሚኖሩ ናቸው፤ ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስንጥቁ ድልድዩ ሳይወድቅ የሚታይበት መሣሪያ ተገኘ።

የመጀመሪያዎቹ ማስጠንቀቂያዎች

የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ የመጀመሪያው አባል በ1948 ለሕክምና ቀረበ፤ ቴራማይሲን በሚል ስም የታወቀው ሁለተኛው በ1950 ተከተለ። እነዚህ መድኃኒቶች ለብዙ ዓይነት በሽታ የሚያገለግሉ፣ ዋጋቸውም እየረከሰ የሄደ በመሆኑ በዓለም ሁሉ ተሠራጩ። በ1963 ግን በአሜሪካ ለኩላሊት ኢንፌክሽን ከፍተኛ መጠን ያለው ቴትራሳይክሊን በደም ሥር የተሰጣቸው ነፍሰ ጡር ሴቶች ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ መሞታቸው ተገለጸ። ይህ ጉዳት ከመጠኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ የሚመጣ፣ በተለመደው የአፍ መጠን ግን እጅግ ብርቅ የሆነ ነው። በመሆኑም ሊተነበይና ሊወገድ ቻለ።

በ1952 የወጣው ኤሪትሮማይሲን ያሳየው ጉዳት ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ኤስቶሌት የተባለው ቅመማው በተለይ በአዋቂዎች ላይ ቢጫነት እንደሚያመጣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታወቀ። ይህ በመጠን ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም። ከብዙ ሰዎች መካከል አንዱን መርጦ ይመታል፤ ያው ሰው እንደገና ቢወስደው ጉዳቱ ፈጥኖ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ጉዳት በጥቂት መቶ ሰዎች ላይ በሚደረግ ሙከራ ሊታይ አይችልም። ከሺዎች አንዱን የሚመታ ነገር የሚታየው ሺዎች ሲቆጠሩ ብቻ ነው።

ኤሪትሮማይሲን በወጣበት በዚያው 1952 ሌላ ታላቅ መድኃኒት ለዓለም ተዋወቀ። አይሶናያዚድ የሚባለው ይህ ውሕድ በ1912 በፕራግ ማየርና ማሊ በተባሉ ኬሚስቶች ተሠርቶ አገልግሎቱ ሳይታወቅ ለ40 ዓመት በመዝገብ ተቀምጦ የነበረ ነው። ሮሽ፣ ስኩዊብና ባየር የተባሉ ኩባንያዎች በየበኩላቸው የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ እንደሚገድል አገኙ። ርካሽ፣ በአፍ የሚወሰድና ኀይለኛ በመሆኑ ለነቀርሳ ሕሙማን ታላቅ ተስፋ ሆነ። ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያመለክቱ ነጠላ ሪፖርቶች አልፎ አልፎ ቢወጡም ለ18 ዓመት ያህል ብዙዎች ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ሁኔታው የተለወጠው በ1970 በዋሽንግተን ከተማ ነው። በአሜሪካ ምክር ቤት ሠራተኞች መካከል ነቀርሳ በመታየቱ 2,321 ሰዎች በሽታው እንዳይዛቸው አይሶናያዚድ እንዲወስዱ ተደረገ። ከእነዚህ መካከል 19 ሰዎች በጉበት በሽታ ታመሙ፤ 2ቱ ሞቱ። ቀጥሎ በ1971 እና 1972 ወደ 14 ሺህ በሚጠጉ መድኃኒቱን በሚወስዱ ሰዎች ላይ በተደረገ ክትትል 8 ሰዎች በጉበት ጉዳት እንደሞቱና አደጋው በዕድሜ እየጨመረ እንደሚሄድ ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መድኃኒቱን ለ18 ዓመት እጅግ ብዙ ሕሙማን ወስደውት ሳለ ጉዳቱ በ2,321 ሰዎች መካከል ጎልቶ የታየው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የነቀርሳ ሕሙማን አስቀድሞ በብርቱ የታመሙ፣ የከሱና ብዙ መድኃኒት በአንድነት የሚወስዱ ስለነበሩ የጉበታቸው ሕመም ከሌላው ሕመማቸው ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። በዋሽንግተን ግን ጤነኞች አንድ መድኃኒት ብቻ ወሰዱ። ሁለተኛ፣ እነዚህ ሰዎች ተቆጥረው በመዝገብ ላይ ሰፍረው ነበር። የታመመው ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የወሰደው ስንት እንደሆነም ታውቆ ነበር።

ሪፋምፒሲንና የስድስት ወር ሕክምና

በ1957 በደቡብ ፈረንሳይ በሳን ራፋኤል አጠገብ ካለ የጥድ ደን የተወሰደ አፈር በሚላኖ ወደሚገኘው የሌፔቲ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ደረሰ። በውስጡ ከተገኘው ረቂቅ ሕዋስ ፒዬሮ ሴንሲና ባልደረቦቹ ያወጡትን ቅመም በዚያን ጊዜ ዝነኛ በነበረው ሪፊፊ በተባለው ፊልም ስም ጠሩት። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ከዚሁ ተሻሽሎ የተሠራ ሲሆን በ1968 በጣሊያን ለገበያ ቀረበ። ፒራዚናማይድ የተባለው ደግሞ ከ1952 ጀምሮ ቢታወቅም በመጀመሪያ በተሰጠበት ከፍተኛ መጠን ጉበትን ስለጎዳ ወደ ጎን ተትቶ ነበር። በ1970ዎቹ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ከምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሞች ጋር ባደረገው ሙከራ፣ መጠኑ ተቀንሶ ከሌሎቹ ጋር ሲሰጥ ሕክምናውን እንደሚያሳጥር ታየ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅ የነበረው የነቀርሳ ሕክምና በመጨረሻ ወደ 6 ወር ወረደ።

ከዚህም ጋር ሐኪሞች አንድ ከባድ ሚዛን ተሸከሙ። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሦስቱም በየበኩላቸው ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ በአንድነት ሲሰጡ አደጋው ይጨምራል። መድኃኒቱን ያልወሰደ የነቀርሳ ሕመምተኛ ግን በበሽታው ሊሞት፣ ሌሎችንም ሊበክል ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ይሰጥ ወይስ አይሰጥ» የሚል መሆኑ ቀርቶ «ተሰጥቶ እንዴት ይጠበቅ» የሚል ሆነ። ልክ የተበጀለት አሠራርም ተደነገገ፤ ኢንዛይሙ ከመደበኛው ላይኛ ወሰን 3 እጥፍ ደርሶ የሕመም ምልክት ካለ፣ ምልክት ባይኖርም 5 እጥፍ ከደረሰ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ጉበት ሲያገግም መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ ይፈተናሉ። ሃይማን ዚመርማን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1978 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ በመድኃኒት ምክንያት የጉበት ሕዋሱ ተጎድቶ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሕመምተኛ ከ10 አንዱ ያህል ይሞታል። ቢጫነቱ ሳይመጣ መድረስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የታየው

በኢትዮጵያ የጉበት በሽታ ጥናት ሲነሣ የፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ስም አብሮ ይነሣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ለብዙ ዓመታት ያካሄዱት ምርምር፣ በአገራችን ለሚታየው ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የሔፓታይተስ ቫይረስ ያለውን ታላቅ ድርሻ ግልጽ አድርጓል። ይህ ለመድኃኒት ታሪክ ዋና ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሔፓታይተስ ቫይረስ በጉበቱ ያለበት ሰው የነቀርሳ መድኃኒት ሲወስድ ከሌላው ይበልጥ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። በምህንድስና ቋንቋ ቢነገር፣ ትርፍ አቅሙ አስቀድሞ የተበላ ድልድይ ማለት ነው።

በሐኪም ወይም በጤና ሠራተኛ ፊት መድኃኒት የሚዋጥበት አጭር የነቀርሳ ሕክምና በኢትዮጵያ በሙከራ የተጀመረው በ1992 በአርሲና በባሌ ሲሆን ቀስ በቀስ በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፋ። በ2008 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ የነቀርሳ ሕሙማንን ጉበት በደም ምርመራ ተከታትለው ያሳተሙት ጥናት፣ ጉዳቱ በአገራችንም በጉልህ እንደሚታይ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸውም ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳየ። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት በአንድነት በሚወስዱ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ጉዳቱ ኤችኤልኤ ቢ 57 ከሚባል የዘር ምልክት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። አይሶናያዚድን ጉበት የሚለውጥበት ፍጥነትም ከሰው ሰው እንደ ውርሱ ይለያያል፤ ቀስ ብለው የሚለውጡ ሰዎች ይበልጥ ሊጎዱ ይችላሉ። አንድ እንክብል በሁለት ወንድማማቾች ጉበት ላይ አንድ ዓይነት ጭነት እንዳልሆነ እነዚህ ጥናቶች ያስረዳሉ።

ከትንሽ አገር የመጣ ቁጥር

በዛሬው ዓለም ስለ መድኃኒትና ጉበት ሲነገር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ከነቀርሳ መድኃኒት ውጭ ያለ አንድ የተለመደ ቅመም ነው። አሞክሲሲሊን በ1972 ወጣ፤ ብቻውን ሲወሰድ ጉበትን የሚጎዳው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በ1981 ክላቩላኔት ከተባለ አጋዥ ጋር ተቀላቅሎ ኦግመንቲን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቢጫነት እንደሚያመጣ የሚገልጹ ሪፖርቶች መታተም ጀመሩ። ጉዳቱ በተለይ በዕድሜ በገፉ ወንዶች ላይ ይበረታል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ሳምንታት ካለፉ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ሕመምተኛው ራሱ ነገሩን ከዋጠው እንክብል ጋር አያያይዘውም።

የዚህን መጠን በትክክል ከለኩት አገሮች አንዷ አይስላንድ ናት። ሕዝቧ ከ400 ሺህ የማይበልጠው ይህች ደሴት ከ2010 እስከ 2012 ባካሄደችው ክትትል፣ ከ100 ሺህ ሰዎች በየዓመቱ 19 ያህሉ በመድኃኒት ምክንያት የጉበት ጉዳት እንደሚደርስባቸው አረጋገጠች። ከታዩት ሕሙማን 22 በመቶ ያህሉን የጎዳው አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ነበር፤ መድኃኒቱን ከወሰዱ 2,350 ሰዎች አንዱ ይጎዳል ተብሎም ተሰላ። አይስላንድ ይህን ቁጥር ልታገኝ የቻለችው ሐኪሞቿ ከሌላው ዓለም ሐኪሞች የላቁ ስለሆኑ አይደለም። በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው እያንዳንዱ መድኃኒት በአገሪቱ መዝገብ ስለሚሰፍር ነው።

እንደገና ወደ ዋጃ

አሁን ወደ ራያ ሜዳ መመለስ ይገባል። ዘመናዊ መድኃኒት ወደዚህ ቆላ የገባው በአብዛኛው በመቅሠፍት ጊዜ ነው። በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ የወባ መከላከያ ሙከራ ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ የቆቦና ጨርጨር ሜዳ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ደግሞ ከኮረም እስከ ቆቦ ባለው መሥመር እጅግ ብዙ ሕዝብ በመጠለያ ተከማችቶ ሳለ፣ ታይፈስና በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ተነሡ። ለሁለቱም ፈውሱ ቴትራሳይክሊንን የመሰለ መድኃኒት ነበር፤ አንድ መጠን ብቻ እንኳ ሕይወት ያተርፋል። የሚያገረሽ ትኩሳት ግን ራሱ ጉበትን እየመታ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ በሽታ ነው። በዚያ ሁኔታ በሽታው ያደረገውንና መድኃኒቱ ያደረገውን ለመለየት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም፤ ሊኖርም አይጠበቅም። የሚሞተውን ማዳን ይቀድም ነበር፤ የተደረገውም ትክክል ነበር። ሆኖም የመቅሠፍቱ ዘመን ካለፈ በኋላ እንክብሉ በሜዳው ሲቀር፣ እርሱን የሚከታተል መዝገብ አብሮት አልቀረም።

በዋጃ ሌላም ነገር አለ። በ2014 ፓራሳይትስ ኤንድ ቬክተርስ በተባለ ዓለም አቀፍ መጽሔት የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት የተካሄደው በዋጃ ጥሙጋ ሲሆን፣ ከተመረመሩት ሰዎች አብዛኛዎቹ የአንጀት ቢልሃርዚያ እንዳለባቸው አሳይቷል። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላሉን በደም ሥር ውስጥ ይጥላል፤ ከፊሉ በደም ተገፍቶ ወደ ጉበት ይገባና በትናንሾቹ የደም ሥሮች አፍ ይሸጎጣል። ሁኔታው ደለል የመስኖን ቦይ እንደሚደፍን ነው። በዓመታት ውስጥ ጠባሳ ይፈጠራል፤ የደም ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ በከፋው ሁኔታ ደም ያስመልሳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ የሚያጠቃው በዋናነት የደሙን መተላለፊያ ነው፤ የጉበቱ ሕዋሳት በአብዛኛው ሳይነኩ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቢልሃርዚያ ያለበት ሁሉ በመድኃኒት ይጎዳል ማለት ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ ሆዱ ያበጠ፣ የደከመ፣ ምግብ ያስጠላው ሰው በብዛት በሚታይበት አገር፣ በመድኃኒት የተጎዳው አንድ ሰው ከመካከላቸው ተለይቶ አይታይም። ከዋሽንግተን በፊት በነቀርሳ ሕሙማን ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

የቢልሃርዚያ መድኃኒት ታሪክም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። በ1918 ክሪስቶፈርሰን የተባለ ሐኪም በካርቱም በአንቲሞኒ መርፌ ማከም መቻሉን አስታወቀ፤ መድኃኒቱ ግን ልብንና ጉበትን የሚፈትን ብርቱ መርዝ ነበር። በ1960ዎቹ የመጣው ሃይካንቶን በአንድ መርፌ ስለሚፈውስ ተወደደ፤ ነገር ግን ጉበታቸውን አጥፍቶ የገደላቸው ሕሙማን በመታየታቸው ተተወ። ጉበትን ከትል ለማዳን የተሰጠ መድኃኒት ራሱ ጉበትን አጠፋ ማለት ነው። በ1970ዎቹ የተገኘው ፕራዚኳንቴል ግን በጉበት ላይ ያለው አደጋ አነስተኛ ስለሆነ እስከ ዛሬ የሚሠራበት እርሱ ነው።

በዚህ መካከል ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያም ያደረጉት ምርምር፣ በሽታውን በሰው ጉበት ውስጥ ሳይሆን በውሃው ውስጥ መቅደም እንደሚቻል አሳየ። ቀንድ አውጣው የትሉ ማደሪያ ነውና። ይህ ሐሳብ ለመሐንዲስ ቅርብ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሣር የበቀለበት፣ ውሃ የሚቋጥር ቦይ ለቀንድ አውጣ ቤት ይሆናል፤ ውሃው በፍጥነት የሚወርድበት፣ ደለሉ በየጊዜው የሚጠረግ፣ ሰው ሳይነከር የሚሻገርበትና የሚያጥብበት ቦታ የተበጀለት ቦይ ግን አይሆንም። የመስኖ ነዳፊ ቦዩን ሲቀይስ በማያውቀው ሰው ጉበት ላይ ያለውን ጭነት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ነው።

ከራያ ራቅ ብሎ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ የደረሰውም ሊዘነጋ አይገባም። ከ2001 ገደማ ጀምሮ በአንዲት መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ በጉበት በሽታ ይሞቱ ጀመር። ምክንያቱ ለዓመታት ምሥጢር ሆኖ ቆየ። በመጨረሻ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመውን፣ የበላውንና የጠጣውን ሲመዘግቡ፣ በእህል መካከል የሚበቅል አረም መርዝ በጎተራው እህል ውስጥ መግባቱ ተደረሰበት። ምክንያቱ መድኃኒት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የጉበት በሽታ ምሥጢሩን የሚገልጸው ለሚመዘግብ ሰው ነው።

የቀረው መዝገብ

ብሪታንያ ታሊዶማይድ በተባለው መድኃኒት ከደረሰው ጥፋት በኋላ በ1964 ሐኪሞች የመድኃኒትን ጉዳት የሚያስታውቁበት ቢጫ ካርድ አወጣች። በኢትዮጵያ የመድኃኒትን የጎንዮሽ ጉዳት የመከታተል ሥራ በ2002 ተጀመረ፤ አገሪቱ በ2008 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የክትትል ማኅበር አባል ሆነች። ዛሬ ሪፖርቱን የሚቀበለው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ወደ ማዕከል የሚያደርሰው በር ተከፍቷል። የሚጎድለው ከመንገድ ዳር ከተማ እስከዚያ በር የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ይህን መንገድ ለመሥራት ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። መድኃኒት ሻጩ የሰጠውን መድኃኒት፣ ቀኑንና የወሳጁን ዕድሜ የሚጽፍበት ደብተር፤ ገዢው ሽንቱ ቢጠቁር ወይም ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ጤና ጣቢያው የወፍ በሽታ ለያዘው ሰው ሁሉ «ባለፉት ሦስት ወራት ምን መድኃኒት ወሰድህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ልማድ ይበቃሉ። የነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳይተው፣ ምልክት ባየ ዕለት ግን ነገ ሳይል ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ ሊነገረው ይገባል። ለሳል ተብሎ ያለ ምርመራ የሚገዛው እንክብል፣ በላዩ የሚጨመረው የሥር መድኃኒትና አረቄ፣ ሁሉም በአንድ ጉበት ላይ የሚያርፉ ጭነቶች መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል።

የተመለከትነው ታሪክ መድኃኒትን እንድንፈራ አያስተምርም። ቴትራሳይክሊን በኮረም ሜዳ፣ አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን በየነቀርሳው ክፍል ያደረጉት በጎ ነገር ከጉዳታቸው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ታሪኩ የሚያስተምረው በዋሽንግተን የሞቱት ሁለት ሰዎች ሌሎችን ለማዳን የበቁት ተቆጥረው ስለነበረ መሆኑን ነው። በዋጃ ወይም በቆቦ በዚሁ ምክንያት የሞተ ሰው ቢኖር ግን የወፍ በሽታ ገደለው ተብሎ ይቀበራል፤ ከእርሱም ሞት ማንም አንዳች አይማርም።

መሐንዲስ ድልድይ ሠርቶ ሲያስረክብ የተሸከመውን ጭነት የሚመዘግብ፣ ስንጥቁን በየጊዜው የሚለካ ሰው እንዲኖር ይጠይቃል። ከድልድዩ በታች በሚያልፈው ቦይ ውሃ ለሚኖረው ገበሬ ጉበትም ከዚህ ያነሰ መጠየቅ አይገባውም።